ከጠላ ቤት ወደ ጠጅ ቤት፥ ከጠጅ ቤት ወደ መድረክ

አንባቢ ሆይ፥ ደመወዝ የተከፈለበት ሳምንት ነው እንበል። የመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ተቈልፏል፤ ተማሪም ከሆኑ ፈተናው አልፎልዎታል። በኪስዎ ያለው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ቀን ግን ይበቃል። ታዲያ የት ይሄዳሉ? ይህን ጥያቄ በደምበጫ ለተመደበ ወጣት ጸሐፊ ወይም አስተማሪ ቢያቀርቡለት፥ «እዚህ ምን አለና! መዝናናት የሚቻለው አዲስ አበባ ነው» ብሎ ሊመልስልዎ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ከእንዲህ ዓይነቱ ወጣት ጋር ለመከራከር የተዘጋጀ ነው።

በፈረንጅ አገር፥ በተለይም በእንግሊዞች ዘንድ፥ ወጣቶች አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው። በዕረፍት ቀን ጓደኛሞች ተሰብስበው ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው ይዞራሉ። በእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ብርጭቆ ጠጥተው ይነሣሉ፤ ማንም በአንድ ወንበር ላይ ተጣብቆ አይውልም። ሲመሽ ደግሞ ወደ ሮክ ሙዚቃ ትርኢት ይሄዱና ከበሮው ደረታቸውን እያንቀጠቀጠው እስከ እኩለ ሌሊት ቆመው ይጨፍራሉ። የእኛም ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ይቀናሉ።

የሚያስቀና ነገር እንዳለው አልክድም። ነገር ግን በጎጃም ከመጠጥ ቤት ወደ መጠጥ ቤት መዞርም ሆነ ዙሩን በሙዚቃ መፈጸም አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ አንድ ነው። በእነርሱ ዘንድ ጠጪው ይዞራል፥ ሙዚቀኛው በመድረኩ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። በእኛ ዘንድ ግን ሙዚቀኛውም ማሲንቆውን በብብቱ ይዞ አብሮ ይዞራል። ከዚህች ትንሽ ልዩነት አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። በመድረክ ፊት የቆመው ሰው ሰሚ ነው። በአዝማሪ ፊት የተቀመጠው ሰው ግን ግጥም ሰጪም ነው፤ ቀን ከጐደለበትም የሚገጠምበት እርሱ ነው። እስቲ አብረን እንሂድና እንየው።

የተደፋው ጣሳ

ደምበጫ ከደብረ ማርቆስ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፥ አማኑኤልን አልፈው የሚያገኟት ከተማ ናት። መንገደኛ በአውቶቡስ መስኮት አይቷት ወደ ፍኖተ ሰላም ያልፋል፤ አብዛኛው ሰው የሚያውቃትም በዚህ መልክ ነው። እርስዎ ግን ይውረዱ፤ ቢቻልም በገበያ ቀን ይውረዱ። በገበያ ቀን ጤፉና በቆሎው፥ ዳጉሳውና በርበሬው፥ ማሩና ጌሾው ከየገጠሩ በአህያና በሸክም ይገባል። የዛሬው ዙርዎ ጥሬ ዕቃ ሁሉ በዚያ በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ያገኙታል።

የመጀመሪያው ጣቢያ ጠላ ቤት ነው። የምትፈልጉት ቤት የተጻፈ ሰሌዳ አይኖረው ይሆናል፤ በደጁ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ካዩ ግን «ጠላ አለ» ማለት ነው። ይህ ምልክት ማንበብ የማይችለውም የሚያነበው ስለሆነ ከብዙ የከተማ ማስታወቂያ ይልቅ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ከመደቡ ላይ ያሉት ሰዎች ከፍ ብለው ይቀበልዎታል፤ «በእግዜር!» ብለው ያስቀምጧቸውና ቦታዎን ይያዙ። በጠላ ቤት ብቻዎን ጥግ ይዘው መጠጣት ነውር ባይሆንም እንደ ኩርፊያ ይቈጠራል።

ባለቤቲቱ ጣሳውን ሞልታ ስታቀርብልዎ በመጀመሪያ ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም፤ «ያቀረብኩልህን እኔም ጠጥቼዋለሁ፥ አትስጋ» ማለቷ ነው። በአንድ የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚፈጸም የዋስትና ደብዳቤ ነው ቢባል ይቀላል።

ጠላው እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ? ብዙ የከተማ ልጅ አያውቅም። መጀመሪያ ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ያ በጠላው ውስጥ የሚሸትዎት ደስ የሚል ጭስ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ የተወቀጠ ጌሾ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ብቅል ይገባበታል፤ ብቅል ማለት ገብስ ወይም ሌላ እህል ርሶ፥ አቈጥቍጦና ደርቆ የተፈጨ ነው። ቀጥሎም የተጋገረ ቂጣና የተቈላ እህል ዱቄት ተጨምሮ ይደፈደፋል፤ በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ ጋኑ ይከደናል። በጎጃም ዳጉሳና በቆሎ ስለሚበዛ የጠላው ቀለምና ጣዕም ከሸዋው ገብስ ጠላ ይለያል። ሥራው ከሳምንት በላይ የሚፈጅ፥ ጭስና ሸክም የበዛበት የሴት ሥራ ነው። እርስዎ በአንድ እስትንፋስ የሚጨልጡትን ጣሳ ለማድረስ ስንት እንስራ ውሃ እንደተቀዳ ቢያስቡት ሒሳቡን ሲከፍሉ አይከራከሩም። ከቢሮ ጓደኞችዎም መካከል በእናቱ ጠላ ተምሮ ለወግ የበቃ እንዳለ ጠይቀው ይረዱ፤ አያጡም።

ታዲያ እዚህ አንድ ጣሳ ይበቃል። ባለቤቲቱ «ይጨመር እንጂ!» ማለቷ አይቀርም፤ ደጋግማ ማለቷም የደግነት ነው። እምቢ ለማለት ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ መዳፍዎን በጣሳው አፍ ላይ ቢከድኑ ቋንቋው ይገባታል።

ለሒሳብ ሹም የቀረበ ሒሳብ

ከጠላ ቤት ወጥተው ወደሚቀጥለው ቤት ከመግባትዎ በፊት ምሳ ይብሉ፤ በመንገድም ላይ ይህን ሒሳብ በልብዎ ያስሉ።

ጠላ ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል አልኮል አለው። ጠጅ እንደ ማሩና እንደ ቈይታው ከ7 እስከ 14 ይደርሳል። አረቄ ደግሞ ከ35 እስከ 50 ገደማ ነው። እንግዲህ በግማሽ ሊትር ጠላ ውስጥ፥ ከመቶ 4 ብንይዘው፥ 20 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። ሩብ ሊትር በምትይዝ አንዲት ብርሌ ጠጅ ውስጥ፥ ከመቶ 10 ብንይዘው፥ 25 ሚሊ ሊትር ይገኛል። ያች ጣት የማታህል መለኪያስ? 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ብትይዝና አረቄው ከመቶ 45 ቢሆን 18 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ «አንዲት መለኪያ ምን ታደርገኛለች!» የሚል ሰው ግማሽ ሊትር ጠላ በአንድ ጉንጭ መዋጡን አላወቀም ማለት ነው።

የሰው ጉበት ደግሞ በሰዓት ከ10 ሚሊ ሊትር ብዙም የማይበልጥ አልኮል ነው የሚያወጣው። ቡና ጠጡ፥ ቀዝቃዛ ውሃ ራስዎ ላይ አፈሰሱ፥ ጉበቱ አይቸኵልም፤ እንደ አንዳንድ መዝገብ ቤት ነው፤ በተራው ብቻ ይሠራል። አንድ ጣሳ ጠላ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ዙሩ ጠዋት ተጀምሮ ማታ እንዲያልቅ ከተፈለገ መካከሉ በእግር መንገድ፥ በምግብና በጨዋታ መሞላት አለበት። የፈረንጆቹም ዙር መልካምነቱ በእግር መሄዱ ነው፤ መጥፎነቱ ግን ብዙዎቹ ዙሩን እንደ ውድድር ስለሚይዙት በመጨረሻ የሚጫወተውን ባንድ ሳይሰሙ መቅረታቸው ነው። ሙዚቃውን ሊሰማ የወጣ ሰው ጆሮውን ይዞ መድረስ አለበት።

ስለ አረቄ ይህን ያህል ካልን ይብቃን። በደምበጫና በአካባቢዋ አረቄ በየቤቱ ይወጣል፤ ድፍድፉ በእሳት ተግሞ እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ እየጠለለ ሲንጠባጠብ ማየት ለተማሪ የኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ሁለተኛ የወጣው «ዳግም» ይባላል፤ ስሙም ያስጠነቅቃል። እኔ ከተጠየቅሁ አረቄውን ሲወጣ ማየቱ ከመጠጣቱ ይሻላል፤ ለእንዲህ ያለው ቀን ግን በፍጹም አልመክርም።

ተቀበል!

ከቀትር በኋላ ጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ማር፥ ውሃና ጌሾ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም፤ ስኳር ከገባበት ግን ማግሥቱን ራስዎ ይመሰክራል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚጠጣው በብርሌ ነው፤ አንገቷ ቀጭን፥ ሆዷ ሰፊ የሆነችው የጠርሙስ ዕቃ ዝንብ እንዳይገባ፥ ሽታውም ቶሎ እንዳይወጣ ትረዳለች፤ ለሚቸኵል ሰውም አትመችም።

አዝማሪው የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው። አንዳንዴ ብቻውን፥ አንዳንዴም ከባለቤቱ ጋር ነው፤ እርሱ ይመታል፥ እርሷ ታዜማለች። ማሲንቆውን ልብ ብለው ይዩት። አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን፥ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፥ አንድ ክር ብቻ፤ ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። የሚመታበትም ደጋን የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ሲሆን ድምፁ እንዲያዝ በዕጣን ይታሻል። ከዚህ አንድ ክር ትዝታው፥ ባቲው፥ አምባሰሉና አንቺ ሆዬው ይወጣል። ስድስት ክር ያለውን ጊታር በኤሌክትሪክ አጉልቶ የሚጫወት ወጣት አንድ ቀን ከዚህ ሰው አጠገብ ቢቀመጥ ብዙ የሚማረው አለ።

ነገር ግን ቁም ነገሩ ዜማው ብቻ አይደለም። አዝማሪው ቤቱን በዐይኑ ይቃኛል። ማን አዲስ እንደሆነ፥ ማን አለቃ እንደሆነ፥ ማን ቅርብ ጊዜ እንዳገባ ከጓደኞችዎ በጆሮው ይሰማል። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞር ብሎ በስምዎ ይጀምራል። ያመሰግንዎታል፤ ምስጋናው ውስጥ ግን ትንሽ እሾህ አለችበት። ለምሳሌ ያህል ለአንድ ደመወዙን በሁለት ቀን ለጨረሰ ጸሐፊ እንዲህ ቢባል፦

የጸሐፊው ደሞዝ ወፍ ሆኖ ታይቶናል፤
ኪሱን ብንጠይቀው ብር አለ ብሎናል።

ሰሙ «ብር አለኝ» ማለቱ ነው፤ ሰውዬው ባለጸጋ ሆነ። ወርቁ ግን ደመወዙ እንደ ወፍ «ብርር» ብሎ መሄዱ ነው። ቤቱ በሙሉ ሲሥቅ ወርቁን የተረዳው ማን እንደሆነ፥ ዘግይቶ የሣቀው ማን እንደሆነ ይታያል። ከሁሉ በኋላ የሚሥቀው ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ነው።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው። በአዝማሪ ቤት ሰሚ ዝም ብሎ አይሸነፍም። እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው «ተቀበል!» ይላሉ። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቅዎታል፤ እርስዎም አንድ ስንኝ ይሰጡታል፤ እርሱ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ይሰጡታል፤ ቤት መታ። ቃልዎ ከአፍዎ ወጥቶ በሌላ ሰው ድምፅ፥ በማሲንቆ ታጅቦ ወደ ጆሮዎ ሲመለስ የሚሰማዎት ነገር በየትኛውም መድረክ ፊት አይገኝም። ስንኙ ደካማ ቢሆን እንኳ አዝማሪው ባለሙያ ከሆነ የጐደለውን ቃል ሞልቶ፥ የዛነፈውን አቃንቶ ይዘፍነዋል፤ ስሕተትዎን የሚያውቁት እርስዎና እርሱ ብቻ ናችሁ።

ይህ ጥበብ በጎጃም ሥር መስደዱ አያስደንቅም። ዋሸራ፥ ጎንጅና ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ ኮቾሮውን ለምኖ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲቈጥር የኖረበት አገር ነው። አንድ ጊዜ የተዘረፈ ቅኔ አይደገምም፤ ተማሪው ነገ ሌላ ይዞ መምጣት አለበት። በቤተ ክርስቲያኑ ግእዝ የሚነገረው ሰምና ወርቅ በጠጅ ቤቱ አማርኛ ለብሶ ይገኛል። ካህኑና አዝማሪው እንዲህ ባለ ንግግር አንድ ላይ መጠራታቸውን ሁለቱም ላይወዱት ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ነገሩ እውነት ነው።

አዝማሪን የሚንቁ ሰዎች አሉ። «ለፍራንክ ሲል የሚያሞግስ» ይሉታል። እነዚህ ሰዎች በፋሺስት ወረራ ዘመን አዝማሪዎች ዐርበኞችን በማወደሳቸው እንደ ተሳደዱ ይዘነጋሉ። በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቡሬ ያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር ከዚህችው ከደምበጫ አጠገብ ከኢትዮጵያውያን ሻለቃ ጋር ገጥሞ ነበር። የእንዲህ ያለው ውጊያ ወሬ ጋዜጣ በሌለበት አገር የተሰማው በፉከራና በማሲንቆ ነው። ሹሞችም ቢሆኑ የሕዝቡን ልብ ለማወቅ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ማለታቸው የታወቀ ነው።

አሁን የሚያሰጋው ነገር ንቀቱ አይደለም። ንቀት ድሮም ነበር፤ አዝማሪው ግን ኖሯል። የሚያሰጋው «ተቀበል» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። ዲግሪ ይዞ፥ ሦስት ቋንቋ ተምሮ፥ ሁለት ስንኝ መግጠም ግን የሚያፍር ወጣት በጠጅ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፤ ወይም አዝማሪውን በስልኩ ፊልም ያነሣል። አዝማሪው ግጥም የሚቀበለው ከሰው ነው፤ ከስልክ አይቀበልም። ሰሚው ከተዘጋ ሙዚቀኛው የድሮውን ደጋግሞ ይዘፍናል፤ የተደጋገመ አዝማሪ ደግሞ ከቴፕ አይሻልም፤ ባለቤቱም ቴፑን ይመርጣል። ቴፕ ብር አይጠይቅም።

ወደ መድረኩ

ይህን ስል የኤሌክትሪኩን ሙዚቃ ለማንቋሸሽ አይደለም። «ሮክ የባዕድ ጩኸት ነው» የሚለውን ክርክር ሰምቼዋለሁ፤ ደካማ ክርክር ነው። ሮክ የተወለደበት የጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ ላይ ይመላለሳል፤ የእኛም ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው የሚተዋወቁት። የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኝ የነበረው ዓለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን አለባበስና አዘፋፈን ይዞ ተነሥቶ በአማርኛ የራሱን መንገድ አወጣ። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ያን ሁሉ ደፍሮ በ1969 እ.ኤ.አ. የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቋመ፤ በመጀመሪያ ያሳተመውም ዓለማየሁን ነበር። ዓለማየሁ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐረፈ።

ከዚያ ወዲህ ጊታሩ በጣም የከበደው በጃኖ ባንድ ነው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች በግንባር የሚዘፍኑበት ይህ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን በ2012 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል አዘጋጅቶለት ነበር። ጊታሩ ሮክ ነው፤ ቅኝቱና አንጀት የሚበላው የድምፅ አወራረድ ግን የአገር ነው። ማሲንቆውን በጠዋት የሰማ ጆሮ ማታ ይህን ቢሰማ ከየት እንደ መጣ ይገባዋል። ለዚህ ነው ሁለቱን በአንድ ቀን መስማት የሚጠቅመው።

ለደምበጫ ሰው ትልቁ የመድረክ ቀን የቱ ነበር ቢባል ብዙዎች ጥር 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ይላሉ። ቴዎድሮስ ካሣሁን «ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበሙን በ2009 ካወጣ በኋላ በአዲስ አበባ ለዘመን መለወጫ ያሰበው ኮንሰርት ሳይፈቀድለት ቀርቶ፥ መድረኩን ያገኘው በባሕር ዳር ስታዲየም ነበር። ቀኑ እሑድ ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን። ከደምበጫ ባሕር ዳር በቡሬ፥ በእንጅባራ፥ በዳንግላና በመራዊ በኩል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መንገድ ለኮንሰርት መሄድ እንግዲህ በራሱ ዙር ነው፤ አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ጠላውም፥ ቆሎውም፥ ወሬውም አለ። በዚያው አልበም ውስጥ ያለው «ማር እስከ ጧፍ» የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መሠረት ያደረገ ዘፈን ነው። ሐዲስ የተወለዱት ከደብረ ማርቆስ አጠገብ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ልብ ወለዳቸውም የጎጃምን አፈር የለበሰ ነው። የአገሩን መጽሐፍ አንብቦ የአገሩን ዘፈን ለመስማት 200 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተማሪ ገንዘቡን ያባከነ አይመስለኝም።

በመድረክ ፊት ምን ይገኛል? አንድ ትልቅ ነገር ይገኛል፤ እርሱም ብዛት ነው። በጠጅ ቤት ሃያ ሰው ይሥቃል፤ በስታዲየም በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አንዱን ስንኝ በአንድ አፍ ሲል ደም ይፈላል። ይህን ለማቃለል የሚሞክር ሰው አንድ ጊዜ በመካከሉ ቆሞ አያውቅም። የሚጐድለው ደግሞ እንዳልኩት ነው፤ ወደ መድረኩ «ተቀበል!» ብለው ቢጮኹ የሚሰማዎት ከጐንዎ ያለው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ዝም በል ይልዎታል።

ስለ ሌሊቱ

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው በሌሊት መውጣትና መግባት ሲችል ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው ዓመታት በአዲስ አበባ ሆቴሎች ባንድ ሊሰማ የሄደ ሰው እኩለ ሌሊት ከደረሰበት እስኪነጋ በዚያው ይዘጋበት ነበር፤ ሙዚቀኞቹም አብረው ተዘግተው ሲጫወቱ ያነጉ ነበር። ለሀብታሙ ደስታ ነው፤ ቤቱ ሩቅ የሆነው ደሀ ግን ከመጀመሪያውም አይሄድም። በጎጃምም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት፥ በክልሉም የትጥቅ ግጭት ከተስፋፋበት ጊዜ ወዲህ መንገዱ ብዙ ጊዜ ተዘግቷል፤ እንደ 2010ሩ ጥር በሌሊት ከባሕር ዳር እየዘፈኑ መመለስ የማይታሰብባቸው ወራት አልፈዋል። ስለዚህ ከቤትዎ ሳይነሡ በመጀመሪያ የሚጠይቁት የጠላውን ሳይሆን የመንገዱን ነገር ነው፤ የሚጠይቁትም በዚያው ቀን ከመጣ ሾፌር ይሁን።

መንገዱ ከተዘጋም ደምበጫ ላይ ዙሩ በእግር ያልቃል። ወሩን ግን ይምረጡ። በዓቢይ ጾም ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ግን የሠርግ ወራት ስለሆነ አዝማሪው ድምፁ የተሟሸ፥ ግጥሙም ትኩስ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይፈጽሙ። ሦስት ጓደኛ ይበቃል፤ ከአምስት በላይ ከሆናችሁ እርስ በርሳችሁ ብቻ ታወራላችሁ፥ የቤቱንም ጨዋታ ትገድላላችሁ። ከመካከላችሁ አንዱ ምንም የማይጠጣ ቢሆን ሒሳቡም ጃንጥላውም አይጠፋም፤ ለእርሱ ብርዝ ይቀዳለታል። ሁለት ስንኝ ከቤትዎ ገጥመው በኪስዎ ይዘው ቢሄዱም ነውር የለበትም፤ አዝማሪውም ቢሆን ሁሉንም እዚያው የፈጠረው መስሎ ይታይ እንጂ አስቀድሞ ያዘጋጀው አለው።

ገንዘቡን ሲሰጡትም በጠረጴዛ ላይ አይወርውሩለት። ብሩን አጥፈው በግንባሩ ላይ ይለጥፉለት፤ ቀኝ እጁ ደጋኑን፥ ግራ እጁ ክሩን ይዟልና ሌላ መቀበያ የለውም።